ከክሊኒኩ በፊት ያለው ሰልፍ

«እማዬ፣ ቂሊንጦ ገባሁ።»

ይህን በስልክ የሰማች የክፍለ ሀገር እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ስሙን የምታውቀው ከዜና ነው፤ በዜና ላይ ቂሊንጦ ከተነሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ማረሚያ ቤቱ ነው። ልጇ ግን የሚያወራው ስለ ትምህርቱ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቁሞ በዓመቱ ተማሪ ተቀበለ። አገሩ የጤፍና የሽምብራ አገር ነበር፤ ክረምት ላይ የአቃቂ መረሬ ጫማ ውጦ ያስቀራል፣ በጋ ላይ ደግሞ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ዛሬ ማሳው እየተገፋ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ የሚባሉት ኮንዶሚኒየሞች ግቢውን ከበውታል።

እዚህ ግቢ የገባ እንግዳ «ጤና የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ነው። ጎንደርም ቢሄድ፣ ሐሮማያም ቢሄድ መልሱ ያው ነው። ነገር ግን ተማሪ ክሊኒክ የሚደርሰው ጉዳዩ ካበቃለት በኋላ ነው። የተማሪ ጤና የሚሠራውም የሚበላሸውም ቀደም ብሎ ነው፤ የካፌ ሰልፍ ላይ፣ ዶርም ውስጥ፣ የፈተና ፕሮግራም በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት። ነጭ ጋውን ከለበሱት ሰዎች ይልቅ ወጥ ቤቷ፣ ፕሮክተሩና ሬጅስትራሩ ስለ ተማሪው ጤና የሚወስኑት ይበልጣል። እነሱ ግን ይህን አያውቁትም፤ የነገራቸውም የለም።

አንዱ እንቅፋት ቃሉ ራሱ ነው። ፈረንጆቹ ከጤና ጋር አጣምረው «ዌልቢንግ» የሚሉትን ሰፊ ሐሳብ በአማርኛ ስንፈልገው «ደህንነት» ላይ እናርፋለን። አንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ «የተማሪዎች ደህንነት ቢሮ» የሚል ሰሌዳ ቢለጠፍ ግን ጭንቀቱን ሊያማክር የሚገባ ተማሪ መኖሩ ያጠራጥራል፤ ብዙው መንገድ ቀይሮ ያልፋል። ሰላምታችን ከቃላችን ይሻላል። «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ጤና ማለት በሽታ አለመኖር ብቻ አይደለም፣ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደህና መሆን ነው ሲል በመተዳደሪያው ያሰፈረውን ሐሳብ ሳያነበው ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰነዶችም ይህንኑ አስፋፉት። በ1986 እ.ኤ.አ. ኦታዋ ላይ የጸደቀው ቻርተር ጤና የሚፈጠረው ሰው በሚማርበት፣ በሚሠራበትና በሚኖርበት ቦታ ነው አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ ኦካናጋን የተሰበሰቡ ሰዎች ነገሩን ወደ ዩኒቨርሲቲ አመጡት፤ ጤና የክሊኒክ ጉዳይ ሆኖ እንዳይቀር፣ በአስተዳደሩም በትምህርቱም በግቢው ኑሮም ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ። ወረቀት ላይ ያምራል። ወደ ቂሊንጦ ሲመጣ ግን ከጨጓራ መጀመር ይሻላል።

የግቢ በሽታ የሚባል ነገር ካለ ጨጓራ ነው። ተማሪ ፈተና ሲደርስበት «ጨጓራዬ ተነሳ» ይላል፤ ውጤት ሲበላሽበት «ጨጓራዬን ላጠው» ይላል፤ ፍቅር ሲከዳውም እጁ የሚሄደው ወደ ደረቱ ሥር ነው። የየትኛውም ግቢ ክሊኒክ በር ላይ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ምንህን ነው?»

«ጨጓራዬን ሲስተር።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልደረስኩም።»

ሲስተሯ ኦሜፕራዞል ጽፋ ትሰጠዋለች፤ ከዚህ ሌላ በእጇ ያለ ነገር የለም። የመጨረሻው መልስ ግን ካርዱ ላይ አይሰፍርም።

የጨጓራ ነገር እንዲህ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ባክቴሪያ ያለበትን ብጥብጥ ራሱ ጠጥቶ ታመመ። የጨጓራ ቁስለት በጭንቀትና በቅመም ይመጣል ሲባል የኖረውን ሐሳብ በገዛ ሆዱ ሞገተ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲሰሉ ከተመረመሩት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት ነው። ስለዚህ ብዙው ተማሪ ባክቴሪያውን ከቤቱ፣ ከሻንጣው ጋር ይዞት ይመጣል ማለት ነው።

ግቢው የሚጨምርበት ሌላ ነው። ማታ ሲቸክል ያመሸ ተማሪ ጠዋት ራሱን ያመዋል። ራሱን ሲያመው ከጓደኛው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ተቀብሎ ባዶ ሆዱን ይውጣል። እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው የጨጓራን ግድግዳ የሚጎዱ ናቸው። ቁርስ ሰልፉ ረዘመበት፤ ክፍሉ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ መምህሩ ዘግይቶ የመጣ አያስገባም። በሻይ ዋለ። እንግዲህ ይህን ሕመም ማነው ያመጣው? ባክቴሪያው አለበት፣ መድኃኒቱ አለበት፣ እንቅልፍ ማጣቱ አለበት፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉም አለበት። ሐኪም ሊያክመው የሚችለው ግማሹን ነው። የቀረውን ግማሽ ለማከም የካፌውን በር በግማሽ ሰዓት ቀድሞ መክፈት ወይም አንድ የምግብ መስኮት መጨመር ይበቃ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የሐኪም ማዘዣ አይጠይቅም።

ስለ ምግቡ ራሱ ሲነሳ ነገሩ ወደ ገንዘብ ይሄዳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እንዲከፍል ያደርጋል። ስለዚህ ካፌ የሚበላው ምግብ የነጻ አይደለም፤ ብድር ነው። የዚህ ብድር መጠን ለዓመታት በቀን 22 ብር ነበር። ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት እኩል ቢካፈል ለአንድ ማዕድ 7 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሰዋል። ዋጋ በየወሩ በሚንርበት አገር በዚህ ገንዘብ ሽሮ ቢቀጥን ወጥ ቤቷን መውቀስ ግፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. ተመኑ ወደ 100 ብር እንዲያድግ ተደረገ። ከ22 ብር አንጻር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ገበያ ወጥቶ ለተመለሰ ሰው ግን ከመቶ ብር ላይ እንቁላል፣ ወተትና ፍራፍሬ ማውጣት ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው።

ካፌውን ያልፈለገ «ነን ካፌ» ይሆናል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ በራሱ ይበላል። በመጀመሪያው ሳምንት ንጉሥ ነው። ወሩ ሲጋመስ እርጥብና ፓስቲ ላይ ይወርዳል፤ ድንች በዳቦ፣ ዳቦ በዘይት። ሆድ ይሞላል፣ ሰውነት ግን የሚሠራበትን አያገኝም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል፦ የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስና ሥነ ምግብ የሚያስተምር ክፍል አለው። እንዲህ ያለ ትምህርት ክፍል ያለው ግቢ ሁሉ ቤተ ሙከራው ከካፌው ድስት ጋር እንዲነጋገር ማድረግ ይችላል። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በ100 ብር ውስጥ ብረትና ፕሮቲን የሚበዛበትን የሳምንት ማዕድ ቢያሰላ፣ ያውም ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን አስቦ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጡት ብዙ ጽሑፎች ይልቅ አንባቢ ያገኝ ነበር።

አቃቂ ላይ ደግሞ ጎመን የሚባል ነገር በቀላሉ አይታለፍም። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከላይ ከከተማው የቆዳውን፣ የጨርቁን፣ የጋራዡንና የመጸዳጃውን ፍሳሽ እየሰበሰቡ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ። በዳርና ዳራቸው አትክልት ይለማል። ሃያ ዓመት ካለፋቸው ጥናቶች ጀምሮ በዚህ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ሲገኙ ቆይተዋል። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉት ቅጠላ ቅጠሎች ከሥራሥሮቹ ይልቅ ብረቱን ይስባሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው፤ ወንዙን ብቻውን ግን አያድነውም፤ የፋብሪካው ዝቃጭና በየሰፈሩ ወደ ቦዩ የሚለቀቀው ወደ ማጣሪያው አይሄድምና። «አትክልት ብሉ» የሚል ፖስተር የሚለጥፍ ግቢ አትክልቱ ከየት ማሳ እንደመጣ ካልጠየቀ ምክሩ ጎደሎ ነው።

ከምግብ ቀጥሎ እንቅልፍ ነው። በጎንደርና በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2,500 በላይ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 55.8 በመቶው እንቅልፋቸው የተበላሸ ሆኖ አገኘው። ውጥረት፣ ጭንቀትና ድብታ ያለባቸው ተማሪዎች እንቅልፋቸው ይብስ ነበር። ለዚህ ማስረጃ ጥናትም አያሻ፤ ዶርም ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ከማጥኛ ክፍሉ፣ ከስፔስ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተመልሶ መብራት ያበራል። ሌላው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለጸሎት ይነሳል። ከላይኛው አልጋ ያለው ስልኩን ያያል፣ ከታች ያለው በብርሃኑ ይገላበጣል። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ግን ማንም አልተኛም።

ቤተ መጻሕፍት ሃያ አራት ሰዓት ይከፈትልን የሚለው የተማሪዎች የዘወትር ጥያቄ ነው። የፈቀዱላቸው አስተዳደሮች ይወደሳሉ። ለጤና ግን የሚጠቅመው ምናልባት ሌላ ነው፤ እያጠና የሚነጋበት ሰው ማታ ማታ የሚቀመጥበት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ዶርም ውስጥም መብራት የሚጠፋበት ሁሉም የተስማማበት ሰዓት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአንድ ዶርም ስምንት ልጆች ተቀምጠው የሚማማሉት ነገር ነው። ካልተማማሉ ክፍተቱን ቡናና ጫት ይሞሉታል። ሕጉ እዚህ ላይ አስገራሚ ቅርጽ አለው፦ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥ ይከለክላል። ፍሬሽ ተማሪ ባብዛኛው አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነውና በሕግ ቢራ ሊሸጥለት አይገባም። ጫት ግን በዚህ ክልከላ ውስጥ የለም፤ ቅጠሉ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲሸጥ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

አእምሮን በሚመለከት የቂሊንጦ ታላቅ ወንድም የሆነው አዳማ ጥሩ ምስክር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ከ400 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት 21.6 በመቶው የአእምሮ ጫና እንዳለባቸው አሳየ፤ ከአምስት አንድ ማለት ነው። መለኪያው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ሲሆን፣ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። ጥያቄዎቹ የሚጀምሩት ከሐዘን ወይም ከፍርሃት አይደለም። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ ይጠይቃሉ፤ ዝቅ ብለው ወደ ሆድ ይደርሳሉ። የኛ ተማሪ «ጨነቀኝ» ከማለት «ጨጓራዬን» ማለት እንደሚቀለው መጠይቁን ያዘጋጁት ሰዎች የገባቸው ይመስላል።

ከዚያ ጥናት የሚገርመው ግን መቶኛው አይደለም፤ ጫና ከሚበዛባቸው ተማሪዎች ጋር አብረው የተገኙት ነገሮች ናቸው። የቅርብ ጓደኛ አለመኖር። ወደ ሃይማኖት ፕሮግራም አለመሄድ። ከጠበቁት በታች ውጤት ማግኘት። የመጡበትን ትምህርት አለመውደድ። ግቢው ውስጥ ስጋት መኖር። ከነዚህ መካከል አንዱም እንኳ በመርፌ የሚድን የለም። የመጨረሻውን በተለይ የ2012 ዓ.ም. ተማሪዎች ያውቁታል፤ ወልዲያ ላይ ሁለት ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ከየግቢው ወደ ቤታቸው ሸሽተዋል።

ውጤትን በተመለከተ ደግሞ ወደ ግቢ የሚያስገባው በር ራሱ ጠቧል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ወንፊት ያለፈ፣ ቂሊንጦ ሲሆን ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የራሱን መግቢያ ፈተና የጨመረ ልጅ፣ በሰፈሩ አንደኛ ነበር፤ እዚህ ግን ዙሪያው ሁሉ አንደኛ ነው። የመጀመሪያውን ሲ ሲያይ የሚሰማውን እናቱ በስልክ አትረዳውም፤ «ሲ ምን ችግር አለው ልጄ?» ትለዋለች። መውጫው በርም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ ፈተና አለው፤ ማለፊያው 50 ነው።

ይህን ጫና ከተማሪው ጋር የሚሸከመው ማነው? በወረቀት የምክር አገልግሎት ባለሙያው ነው። በተግባር ግን የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ፣ የሙስሊሙ ጀመዓ፣ የአገር ልጆች ቡድን ነው። የታመመውን የሚጠይቁት፣ ገንዘብ የሚያዋጡለት፣ ከአልጋ አልነሳም ያለውን ጎትተው የሚያወጡት እነሱ ናቸው። በየትኛውም የጤና ዕቅድ ውስጥ ስማቸው አይገኝም። ጉድለትም አለባቸው፤ በእምነት ወይም በዘር ውጭ የሆነውን ልጅ አያቅፉም፤ ሐኪም የሚያስፈልገውን ሕመም «ይለፍልሃል» ብለው ያቆዩታል። ሆኖም አንድ አስተዳደር ከነዚህ ቡድኖች መሪዎች ሃያውን ሰብስቦ መቼ ሐኪም ጋ መላክ እንደሚገባ ቢያሠለጥን፣ አሥር አማካሪ ከመቅጠር ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረው የአገራችን ተማሪ የቆሎ ተማሪ ነው፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚሄድ። የእሱ ካፌ መንደሩ ነበር፤ ቁራሽ ያልሰጠው ቤት ያፍራል። ክሊኒክ ግን አልነበረውም። ዛሬም በቆሎ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከአምስት አንዱ እከክ እንዳለበት ሲያሳይ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በቅማል የሚመጣው የግርሻ ትኩሳት የሚበረታው በጎዳና አዳሪዎችና በአብነት ተማሪዎች ላይ ነው። መኝታ ጠቦ፣ ልብስ አንድ ሆኖ፣ ውኃ ሲርቅ እውቀት ቆዳን አያድንም።

ግቢ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው የጤና ምንጭ የሆነበት ታሪክም አለን። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ የገባው ወባ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር፤ ቆላ ድባን ከመሳሰሉ ጣቢያዎች ሆነው መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ እናት ያዋልዳሉ። «ቲም ትሬኒንግ» የሚባለው ይህ አሠራር ጎንደር ላይ እስከ ዛሬ አለ፤ ጅማም የራሱን ዓይነት ይዞ አድጓል።

ቂሊንጦ ሐኪም አያስተምርም። የከበደው ሕመም በክፍለ ከተማው ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ስሙን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ካጠለቀች በኋላ ነው። ነገር ግን የአካባቢ ምህንድስና፣ ኬሚካልና ባዮቴክኖሎጂ የሚያስተምር ግቢ ከአቃቂ ወንዝ ይህን ያህል ቀርቦ ሲቀመጥ፣ ለደምቢያ ጎንደር የሆነውን ለአቃቂ ለመሆን ስቴቶስኮፕ አያስፈልገውም። የውኃ ናሙና መውሰጃ ጠርሙስ ይበቃዋል።

በየዩኒቨርሲቲው ፍሬሽ ተማሪ የሚወስደው «ፊዚካል ፊትነስ» የሚባል ኮርስ አለ። ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው፤ ጂፒኤ ላይ አይደመርም። ስለዚህ ተማሪው ይንቀዋል፤ የልብ ምት ትርጉምን ከሞጁል ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል። ሲመሽ ግን፣ ማንም ሳያዝዘው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትበርድ ግቢው ይለወጣል። ኳስ የሚመታው ይመታል፣ ሁለት ሦስት ሆነው አጥሩን ተከትለው የሚሮጡ አሉ፣ ሴቶቹ ተያይዘው እያወሩ ይዞራሉ። ላባቸው ሳይደርቅ ወደ ካፌ ያመራሉ። ጠዋት ቁርስ ያስቀረው ያ ሰልፍ ማታ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ክፍል የሚያስቸኩለው የለም። ሚል ካርዱን በእጁ የያዘ አንድ ፍሬሽ ከፊቱ ያለውን ትከሻውን ነካ ያደርገዋል።

«የየት አገር ልጅ ነህ?»